የወደቀውን ያንሱት

ስማቸው ግሽ ዓባይ ነው ያለው አሉ። አይናገርም አሉ።

ወሬውን ያመጡት ከሰከላ ጠበል የተመለሱ ሴቶች ናቸው። ሱቄ ደጃፍ ላይ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ባጃጅ ሲጠብቁ አንዷ ለሌላዋ ስትነግራት ሰማሁ። "ያ ረጅሙ ጠይም፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የሚቀመጠው። ሰው የልቡን ያወራዋል፣ እሱ ግን ትንፍሽ አይልም። ከፍኖተ ሰላም ነው የመጣ ይላሉ" አለች። የሰው ስልክ ፈትቼ ይዤ ነበር፤ ብሎኑ ከእጄ ወደቀ። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ስልኩ ግን ይሠራል። እኔ የነካሁት ስልክ ያለ ብሎንም ይሠራል።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ካላችሁ ነው ያልሁ፣ ፈንታ እባላለሁ። ከሞቱ ኮምፒውተሮች ሆድ ዕቃ እየለቀምሁ ነፍስ ያላቸው ኮምፒውተሮች የሠራሁ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ በኢንተርኔት የሚያጫውት ጌም ቤት የከፈትሁ እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። አንዱን እያቃጠልሁ ሌላውን አወቅሁ። የቡሬ ካምፓስ ተማሪዎች "አያ ፈንታ፣ ይህን የት ተማሩት?" ሲሉኝ "እናንተ ስትተኙ" እላቸዋለሁ። ስለ ራሴ ላውራ ብል ክረምቱ ይወጣል፤ ዛሬ ግን ስለ ስማቸው ነው። እየሳቅሁ ልጀምረውና እስከየት እንደምስቅ አብረን እናያለን።

ስማቸው መጀመሪያ የመጣው ስልክ ሊያሠራ ነው። ሠላሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ከላይ ጋቢ፣ ከሥር የፈረንጅ ኳስ ክለብ ማሊያ የለበሰ ሰው። ከቡሬ ወዲያ ባለ ገጠር ቅኔ ቤት ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው የወጣው። ለምን እንደወጣ ብጠይቀው "ውሻ ሰለቸኝ፣ አያ ፈንታ" አለኝ።

"የምን ውሻ?"

"የልመና ውሻ ነዋ። አንዱ ደጅ 'ስለ ማርያም' ስል ውሻ፣ ሌላው ደጅ ስል ውሻ። ቅኔው ገብቶኝ ነበር፤ ውሻው ግን እንቢ አለኝ።"

ሰው ግን መምህሩን በቅኔ ወግቶ ነው የተባረረው ይላል። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም። ወሬው ግን እንደ ጥላ ይከተለው ነበር። ስማቸው "እንደምን አደሩ" ሲልህ እንኳ መንገድህን ስትሄድ "ምን ለማለት ፈልጎ ይሆን?" ብለህ ታስባለህ። እሱ በዚህ ይስቅ ነበር። በስሙም ይቀልዳል። "አባቴ ስም ሲያወጣልኝ ሥራ አበዛብኝ። ስማቸው፣ የእነሱ ስም ማለት ነው። ስማቸው፣ አድምጣቸው ማለትም ነው። የሰውን ስም ልያዝ ወይስ ሰውን ላድምጥ?"

ስልኩን ሠርቼ ስሰጠው አልሄደም። ቆሞ የሚጫወቱትን ያያል። በነጋታውም መጣ። ብዙም ሳይቆይ ቤቱን የሚጠርገው፣ ተራ የሚያስይዘው፣ ጀኔሬተር የሚያስነሳው እሱ ሆነ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ልንገር። ሰው ሦስት ሦስት እየሆነ ተቧድኖ የሚታኮስበት ጌም ነው። አብሮህ የሚሰለፈው ሰው አዲስ አበባ ይሁን ጅማ አታውቅም፤ ድምፁ ብቻ በጆሮ ማዳመጫው ይመጣል። ስሙንም አታውቅም፤ ያወጣውን የቅጽል ስም ብቻ ታያለህ፣ "እሳቱ"፣ "ጥቁር ሞት" የሚል። ሰው ሲመታ ወዲያው አይሞትም። ይወድቃል። የቡድኑ ሰው ደርሶ ካነሳው ይተርፋል፣ ካልደረሰለት ይሞታል። ስለዚህ የኔ ቤት ከጠዋት ጀምሮ "አንሳኝ! ኧረ አንሱኝ!" ሲባልበት ነው የሚውል። በመንገድ የሚያልፉ እናቶች መጀመሪያ ሰሞን ሰው የተጎዳ መስሏቸው ሮጠው ይገቡ ነበር። ይህን ቃል ያዙልኝ።

እንደ ስማቸው ያለ ቀሽም ተጫዋች ደግሞ ፈጣሪ አልፈጠረም። ግድግዳ ላይ ተኩሶ ግድግዳውን ይስታል። እኔ በግራ እጄ ሻይ ይዤ በቀኝ ብቻ እበልጠዋለሁ። መጀመሪያ የተጫወተ ቀን አንዱ የቡድኑ ሰው በጆሮ ማዳመጫው ጮኸበት። ስማቸው ማዳመጫውን አወለቀ። አገላብጦ አየው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣

"አያ ፈንታ፣ ይህ ሰውዬ እናቴን ከየት ያውቃታል?" አለኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። "አያውቃትማ! እንዲያው ነው የሚሳደብ።"

"ካላወቃት ምን አድርጋው ሰደባት?"

መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ለኔ እንደ ተበላሸ ዕቃ ነው፤ እስክፈታው እንቅልፍ የለኝም። ስማቸው ግን ማዳመጫውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፣ የራሱንም ጆሮ በሁለት ጣቱ ጠረገና መልሶ አደረገው። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርግ ነበር። ስድብ በመጣ ቁጥር መጥረግ። ተጫዋቾቹ "ስማቸው ጠረጋ ጀመረ" እያሉ ይስቁበታል።

ነገሩ ግን ከልቡ አልወጣም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን የጋሪ ፈረሶቹን እያየን ይህንኑ ያነሳል። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ። "ልብ ብለው አይተዋል? ከጠላት ጋር አይሰዳደቡም። የሚሰዳደቡት የአንድ ወገን ሰዎች ናቸው።"

እውነቱን ነው። ሦስቱ ሲሸነፉ ያሸነፋቸውን ማንም አይሰድብም። እርስ በርሳቸው ነው የሚበላሉ።

"ለምን ይመስልሃል?"

"ከማያውቁት ሰው ጋር ወንፈል ስለገቡ" አለ። "እኛ አገር ወንፈል ላይ አንዱ ሰነፍ ቢያጭድ ምን ይሆናል? ይቀለድበታል፣ ይዘፈንበታል። አይሰደብም። ምክንያቱም ነገ የሱ ማሳ ላይ ነን፤ በሬውን እንፈልገዋለን፤ ሚስቱ ጠላ ትቀዳልናለች። እዚህ ግን ነገ የለም። ስንፍናውን ብቻ ታያለህ፤ በሬውን አታይም። ፊቱ ሲጠቁርም አታይም። ሰው እኮ መሳደብ የሚያቆመው አፉ ሲደክመው አይደለም፣ የሌላው ከንፈር ሲንቀጠቀጥ ሲያይ ነው።"

"ታዲያ መድኃኒቱ?"

"ስም" አለኝ። "ድሮ እንኳ ሰው ሲፎክር 'እኔ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ አገር ሰው' ብሎ ነው። ይህ ስም የሌለው ፉከራ ነው። ሰው ስሙን ካወለቀ ሱሪውን እንዳወለቀ ነው፣ ምንም አያፍርም።"

በዚህ ምክንያት ቤቴ ሕግ ወጣ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሐሳቡ የሱ ቢሆንም። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም በማይክሮፎኑ ስሙንና አገሩን ይናገራል። ሌላው ባይመልስም ግዴለም። ስማቸው ደግሞ በላዩ አንቱታ ጨመረበት። "ማንነቱን ካላወቅሁ ሽማግሌ ቢሆንስ? ካህን ቢሆንስ?" ብሎ ያገኘውን ሁሉ አንቱ ይላል። "ይቅርታ ጌታው፣ ከኋላዎ ቦምብ ተጥሏልና ፈቀቅ ይበሉ።" አዲስ አበቤዎቹ በሳቅ ይሞታሉ፣ ከዚያም በጥይት ይሞታሉ። ብታምኑም ባታምኑም ግን ሠርቷል። ቤቴ ውስጥ ስድብ ጠፋ። ከቡሬ ድረስ በሚኒባስ እየመጡ "አያ ፈንታ ጋ ነው የሰው ልጅ የሚጫወተው" እስከማለት ደረሱ።

ስም ሲነገር ግን ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ይህን ያኔ አላሰብነውም።

ከፋሲካ በፊት ነበር፣ ቀትር ላይ። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስማቸው ሊጫወት ተቀመጠ፤ ድምፁን በስፒከር ስለለቀቅሁት ቤቱ በሙሉ ይሰማል። ሁለት ሰዎች ደረሱት።

"ስማቸው እባላለሁ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከአያ ፈንታ ጌም ቤት። እርስዎንስ ማን ልበል?"

አንዱ ወፍራም ድምፅ ነበረው። "ቢተው ነኝ፣ ከቡሬ፣ ከእህል በረንዳ። ምነው፣ ቄስ ነህ እንዴ?"

"ኧረ የለም፣ ቅኔ ቤት ቆይቼ የወጣሁ ነኝ።"

ሌላው ሳቀ። "እኔ ጅቡ ነኝ፣ ከጫካ!" የተጻፈው ስሙም ጅቡ ነው። ስሙን ቢለምነው እንቢ አለ። ገና ጨዋታው ሳይጀመር ሁለቱንም "ገበሬዎች" ብሎ ሰደባቸው። ስማቸው ጆሮውን ጠረገ።

ጥቂት እንደተጫወቱ ጅቡ ተመታ። ወደቀ። "አንሱኝ! ምን ትጠብቃላችሁ፣ አንሱኝ!" እያለ ይጮኻል። ስማቸው ሩቅ ነው። ቢተው ግን እዚያው አጠገቡ ግንብ ሥር ተሸሽጓል። ስማቸው በለመደው አንቱታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

"ጌታው ቢተው! የወደቀ አለብዎ እኮ! እስከ መቼ ተደብቀው ይቀመጣሉ? ያንሱት እንጂ!" አለ።

ቤቱ እንደ ወትሮው ሳቀ። ከስፒከሩ ግን ያ ወፍራም ድምፅ ቀስ ብሎ፣

"ምን አሉ?" አለ።

አስተዋላችሁ? ቅድም አንተ ሲል የነበረ ሰው ነው። የኛን አገር ሰው የማያውቅ ይህን እንደ ጨዋነት ሊቆጥረው ይችላል። እኔ ግን ቅያሜ መሆኑ ገባኝ።

"የወደቀውን ያንሱት ነው ያልሁ፣ ጌታው።"

"ስምዎን ይድገሙልኝ።"

"ስማቸው።"

"የፍኖተ ሰላሙ። ደግ። ሰምቻለሁ።" ብሎ ወጣ። ጅቡ ሳይነሳ ሞተ፤ የሁለቱንም እናት ሰድቦ እሱም ወጣ።

ከኋላችን የቆመ አንድ የቡሬ ልጅ ነበር፣ የካምፓስ ተማሪ። "አያ ፈንታ" አለኝ በሹክሹክታ፣ "ይህ የእህል በረንዳው ቢተው ከሆነ፣ ወንድሙ በእርሻ ድንበር ጠብ ወድቆበታል። ገዳዩ ታስሮ ቆይቶ ተፈቷል። ሽማግሌዎች ብዙ ለምነው ቢተውን እሺ አሰኝተውታል፤ ከፋሲካ በኋላ ሊታረቁ ቀን ተቆርጧል።"

ገጠር የኖረ ሰው አይጠፋውም። ወደቀበት ማለት ተገደለበት ነው። አላነሳም ማለት ደሙን አልመለሰም ነው። ስማቸው ያላትን ቃል አንድ በአንድ መልሳችሁ አንብቧት። ቅኔ ቤት የኖረ ሰው፣ በአደባባይ፣ በስም ጠርቶ። ወርቁን ራሱ አላስቀመጠውም፤ ቢተው ግን አገኘው።

ስማቸው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ጆሮውን አልጠረገም። አፉን ነው የጠረገው።

ቅዳሜ ገበያ ቆሞ ሳለ ቢተው መጣ። ማን መሆኑን የነገረን አልነበረም፤ ግን አወቅነው። ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ቤቴን ያያል። ሻይ አስቀርቧል፣ አልነካውም። ጋቢው በቀኝ በኩል ደንደን ብሏል። ከሥሩ ምን እንዳለ ለመገመት እንደኔ ጎበዝ መሆን አያስፈልግም።

"በጓሮ ውጣ" አልሁት ስማቸውን።

"ወጥቼ የት እደርሳለሁ? ስሜን ነግሬዋለሁ እኮ" አለና መንገዱን ተሻገረ። እኔም መፍቻዬን ይዤ ተከተልሁት። በመፍቻ ምን ላደርግ እንደነበር አትጠይቁኝ።

"እንደምን ዋሉ፣ ጌታው ቢተው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ድምፅዎን እንጂ መልክዎን አላውቅም ነበር። እንዲህ ቀጭን ነዎት?"

"ያን ቀን ያልሁት ጨዋታው ላይ ስለወደቀው ሰው ነው። ስለ ወንድምዎ አላወቅሁም። ማርያምን።"

"ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ አላሉኝም?"

"ብያለሁ።"

"እንግዲያው ሰሙን ይተዉልኝ።"

"ሰም ብቻ ነው የነበረው። ወርቅ የለውም።"

ቢተው ፈገግ አለ። ደግ ፊት ነው ያለው፤ ይህ ነው የሚያስፈራው። "የቅኔ ሰው ወርቅ የሌለው ነገር ተናግሮ ያውቃል? ይስሙኝ። ሽማግሌ ለመነኝ፣ እሺ አልሁ። እሺ ካልሁ ጀምሮ ግን ሰው በልቡ ምን ይለኝ ይሆን እያልሁ እንቅልፍ የለኝም። ሚስቴ ፊት አየዋለሁ፣ የለም። ጎረቤት ፊት አየዋለሁ፣ የለም። እርስዎ አፍ ላይ አገኘሁት።"

"ጥፋቱ የኔ ነው። እኔን ያድርጉኝ።"

"እርስዎን ምን አደርጋለሁ? የኔ ጣጣ ከርስዎ ጋር አይደለም።"

ስማቸው ይህን ሲሰማ ነው የደነገጠው። እስካሁን የሚፈራው ለራሱ ነበር። አሁን ግን ያ ከእስር የተፈታው፣ ለዕርቁ ሊመጣ የተዘጋጀ ሰው፣ መልኩን እንኳ የማያውቀው፣ በሱ ቃል ሊሞት ነው። ከመንገዱ ዳር ለጋሪ ጎማ ማቆሚያ የሚያደርጉትን ድንጋይ አንሥቶ፣ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ትከሻው ላይ ጫነ። በገበያ መሐል። ጎንበስ ብሎ ቆመ። ጋሪዎቹ ቆሙ። አሮጊቶች አማተቡ።

ቢተው ድንጋዩን ብዙ አየው። "ያውርዱት" አለ በመጨረሻ። "ሦስት ነበርን። እርስዎ ለራስዎ ይናገራሉ፤ እኔም የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ያ ሦስተኛው እንዴት ሰማው? ጨዋታ ነው ካለ ጨዋታ ነው፣ እታረቃለሁ። ስድብ ነው ካለ ግን አገር ሰምቶብኛል ማለት ነው። ያምጡልኝ። በድምፁ ይሁን፣ ግን ስሙን ጠርቶ ይናገር። ስም የሌለው ሰው ለኔ ምስክር አይሆነኝም።"

ሻይውን ሳይነካ ተነሥቶ ሄደ።

እንግዲህ ጅቡን ፍለጋ ገባን። እናንተዬ፣ ፍለጋ አይባልም። ስማቸው ከቤቱ መከፈት እስከ መዘጋት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ከገባበት ቡድን ሁሉ እየለመነ ይጠይቃል። "ጌቶቼ፣ ጅቡ የሚባል ሰው ታውቃላችሁ? የሰው ነፍስ ጉዳይ ነው።" የሚመጣለትን መልስ እዚህ አልጽፈውም፤ እናት አለኝ። አንዱ ድምፁን እያስመሰለ ያሾፍበታል፣ አንዱ ጅብ እየሆነ ይጮኽበታል፣ አንዱ "እኔ ነኝ ጅቡ" ብሎ ያስለምነውና በስድብ ይጨርሰዋል። ስማቸው አንቱ ማለቱን አላቆመም። ጆሮውን መጥረግ ግን ትቷል። "ለምን?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ከውስጥ ገብቷል፣ አያ ፈንታ" አለኝ።

ያኔ ነው ያችን የማልረሳትን ነገር የተናገረ። "እስካሁን ስም ማጣት ለመሳደብ የሚመች ነገር ይመስለኝ ነበር። ከዚህ ይብሳል። ስም የሌለው ሰው ሊሰድብህ ይችላል። ሊመሰክርልህ አይችልም። ይቅርታ ልትለውም አትችልም፣ ይቅር ሊልህም አይችልም። ምንህን ይዞ ይቅር ይልሃል?"

አገኘነው ደግሞ። ራሱ ጅቡ፣ ያ ሳቁ። ስማቸው ነገሩን ሁሉ አስረዳው። "እርስዎ ነዎት ያን ቀን የወደቁት። ላንድ ደቂቃ ስምዎን ጠርተው ጨዋታ ነው ይበሉልኝ። ሰው ይተርፋል።"

"ቆይ፣ ሁለት ገበሬ ሊጋደል ነው?" አለ ጅቡ። "ቪዲዮ ቅረጹልኝ።" ሳቀ። ከዚያ ዘጋን። ብሎክ ያደርጉታል፤ ከዚያ ወዲያ ብትጠራው አይሰማህም።

"በሌላ ስም እንገባበታለን!" አልሁ እኔ። እኔን መዝጋት ይቻላል እንዴ! ሌላ አካውንት ከፈትሁ፣ ሌላም ከፈትሁ። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። የኔን ቤት ብቻ አይደለም፣ የአገሩን ነው። ኮምፒውተር መፍታት እችላለሁ፤ ሰማይ መፍታት አልቻልሁም። ስማቸው ባዶ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ይውላል። ፋሲካ መጣ፣ ፋሲካ አለፈ። ወደ ቡሬ ሄዶ ቢተውን ደጁ ላይ ለመነው፤ ሽማግሌዎቹንም ይዞ ለመነው። ቢተው በአክብሮት አስገብቶ ምሳ አቀረበላቸው፣ በአክብሮት ሸኛቸው። "ሦስተኛውስ?" ብቻ ነው ያለው።

ከቡሬ የመጣ ሚኒባስ ረዳት ነው የነገረን። በዕርቁ ዋዜማ፣ ያ ሰው ለነገው በግ ነድቶ ሲመጣ፣ ቢተው መንገድ ላይ ጠብቆ መታው። ሰውዬው ወደቀ። ቢተውም አልሸሸም፤ መሣሪያውን አስቀምጦ እስኪይዙት ተቀመጠ። አሁን እስር ቤት ነው።

ስማቸው ማዳመጫዎቹን አንድ በአንድ በጋቢው ጠርጎ ሰቀላቸው። ቁልፉን እጄ ላይ አኖረ። "አያ ፈንታ፣ አፌን ላሳርፈው" አለኝ። ወጥቶ ሄደ፤ የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም።

ኔትወርክ ሲመለስ ክረምቱ ገብቶ ነበር። አንድ ቀን በከፈትሁት አዲስ አካውንት ስጫወት፣ እያሸነፍሁ ነበር ልብ በሉ፣ ያ ሳቅ መጣ። ጅቡ። ያን ቀን ደስ ብሎታል መሰለኝ፣ አልተሳደበም። የሆነውን ሳልነግረው፣ እንዲያው እንደ ጨዋታ አድርጌ፣

"ያን ጊዜ አንቱ የሚል ሰው አብሮህ ተጫውቶ ነበር፣ ትዝ ይልሃል?" አልሁት።

"የፍኖተ ሰላሙ ቄስ! እንዴት አይለኝም!"

"'የወደቀ አለብዎ' ያለው ስድብ ነበር እንዴ?"

"የምን ስድብ? የወደቅሁት እኔ ነኝ እኮ! 'አንሡት' ነው ያለ። ለኔ ብሎ ነው የጮኸ። ጥሩ ሰው ነበር። ምነው?"

ይችው ናት። ሰው የሞተባት ቃል ይችው ናት። ከአፉ ስትወጣ ምንም አልከበደችውም።

"ስምህ ማነው፣ ወንድሜ?" አልሁት።

"ስሜ ምን ያደርግልሃል?" አለና ወጣ።

ሴቶቹ ወሬውን ያመጡ ያን ሰሞን ነው። በነጋታው ሱቄን ዘግቼ ወደ ሰከላ ተሳፈርሁ። መንገድ ሙሉ የምነግረውን ቀልድ ሳሰላስል ነበር። ግሽ ዓባይ ደርሼ አንዲት መነኩሲት አግኝቼ "እማሆይ፣ ስማቸው አለ?" ብላቸው ፈገግ አሉ። "ሲሰማቸው ነው የሚውለው፣ ልጄ" አሉና በእጃቸው አሳዩኝ።

አጥሩ ሥር ተቀምጧል። ከስቷል። ሰው ተራ ይዞ እየመጣ ያወራዋል። እኔም ተራ ያዝሁ፤ በሕይወቴ ለማንም ተራ ይዤ አላውቅም። ደርሶኝ አጠገቡ ስቀመጥ እጄን ጨብጦ ሳመኝ። ቀልዶቹ ሁሉ ጠፉብኝ። ዝም ብዬ ነገሩን ነገርሁት። ጅቡ ተገኘ፣ ስድብ አይደለም አለ፣ ጥሩ ሰው ነው አለህ፣ አልሁት።

ከዚያ አፉን ከፈተ። ድምፁ ዝጎ ነበር።

"ስሙን ነገረዎ?"

"አልነገረኝም።"

"እንግዲያው ማንም አልተናገረም፣ አያ ፈንታ።"

ያኔ ከኋላዬ ተራ ትጠብቅ የነበረች ሴት ቀረብ አለች። ጥቁር ለብሳለች፤ ከእንባ ብዛት ዓይኗ አብጧል። መናገሩን አላስተዋለችም መሰለኝ፤ ጎንበስ ብላ እንደ ሌላው ሰው ማውራት ጀመረች። ባሌ በዕርቁ ዋዜማ ቡሬ መንገድ ላይ ተገደለብኝ፣ አለች። ስማቸውን አየሁት። አሁን ያስጨነቀኝ የሞተው አይደለም፣ ልጄ ነው፣ አለች። ከስልኩ ላይ ዓይኑን አይነቅልም። ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይታኮሳል፣ ይጮኻሉ፣ ይጮኻል። ምን እንደሚሉት አላውቅም። "ትናንት ሳይበላ ተኝቶ፣ 'እማዬ፣ የወደቀውን አናነሳም ወይ?' አለኝ። በጨዋታው ይሁን በእውነቱ እኔ እንጃ" አለች።

ስማቸው ጋቢውን ሰብስቦ ብድግ አለ።

"የልጅዎ ስም ማነው?" አላት። "ይንገሩኝ። እርስዎ ጋ መጥቼ በስሙ ልጥራው።"